ጋሽ መቀስ ፍየል ሲማር

ጋሽ መቀስን ሰው ሁሉ የሚያውቀው በዚሁ ስም ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ቢኖር መታወቂያውን ያየ ሰው ብቻ ነው። አውቶቡስ ከሚዞርበት አደባባይ ወረድ ብሎ፣ በጎማ ጠጋኙና በመድኃኒት ቤቱ መሀል፣ አንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት አለችው። ውስጧ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ተራ ጠባቂ የሚቀመጥበት ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ፀሐይ ያነጣው የፀጉር አቆራረጥ ሥዕል አለ። ሥዕሉ ላይ ያሉት አሥራ ስድስት ጎረምሶች ዛሬ ሁላቸውም መላጣ ሳይሆኑ አይቀሩም። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አስተማሪ ሳለሁም ጡረታ ከወጣሁም በኋላ፣ በየሳምንቱ ጺሜን የምላጨው እዚያ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁን ከሌላ ሰው አልሰማሁትም። ግማሹን ራሱ ምላጭ ጉሮሮዬ ላይ ይዞ አውርቶኛል፤ ግማሹን ደግሞ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ባለቤቱን መንደሩ «እትዬ ጥድፊያ» ይላታል። ስትራመድ ከኋላዋ የሚያባርራት ያለ ይመስላል፤ ስታወራ ደግሞ የመጨረሻውን ቃል ሳትጨርስ ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። ከፀጉር ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ከተማው አልቆ ማሳ በሚጀምርበት ቦታ ቤት አላቸው፤ ከቤቱ ጀርባም አሥራ አንድ ፍየል። ፍየሎቹ የእሷ ናቸው። ስም ያወጣችላቸው እሷ፣ የምታልባቸው እሷ፣ የምትሰድባቸውም እሷ። ጋሽ መቀስ ከፍየሎቹ ጋር የነበረው ግንኙነት በሩቁ መከባበር ነበር። አንድ ጊዜ ገመድ ላይ የተሰጣ ነጭ የሥራ ካፖርቱን አንዷ እስከ ክርኑ ድረስ በልታበት ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ በጉረኖው በኩል ሲያልፍ እጅጌውን ሰብስቦ ነው።

ልጆቻቸው አድገው የየራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል። ፀጉር ቤቱም እንደ ድሮው አልነበረም። አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ቴሌቪዥን ያላቸው፣ በኤሌክትሪክ ማሽን የሚቆርጡ ሁለት አዳዲስ ቤቶች ተከፍተው ወጣቱን ሁሉ ወሰዱት። ለጋሽ መቀስ የቀረነው እኛ ነን፤ ከፀጉር ይልቅ ወሬ የሚበዛን።

በዚያ ዓመት ጥቂት ፍየል ላላቸው አርቢዎች ሥልጠና ሊሰጥ ነው ተባለ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአንድ ወር። እትዬ ጥድፊያ ከሁሉ ቀድማ ተመዘገበች። ሥልጠናው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የጎረቤት ጎመን ውስጥ የገባች ፍየል ልታባርር ሮጣ እግሯን ወለም አላት። ቁርጭምጭሚቷ እንደ ዳቦ አበጠ። መሬት አትርገጪ ተባለች።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ለሚቀጥለው ትሄጃለሽ» አላት ጋሽ መቀስ።

«ለሚቀጥለው የለም! ከቤቱ አንድ ሰው ካልመጣ ስማችን ይሰረዛል። አንተ ትሄዳለህ።»

«እኔ? እኔ እኮ ፀጉር ቆራጭ ነኝ።»

«ፍየልስ ፀጉር የላትም?»

ሰኞ ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ቀብቶ፣ ሠርግ እንደሚሄድ ሰው ሆኖ ወጣ።

ሥልጠናው የሚሰጠው ድሮ አምስተኛ ክፍል ባስተማርኩበት ክፍል ውስጥ ነበር። የክፍሉ ቁልፍ በእኔ እጅ ስለሆነ ከፍቼ፣ መስኮቶቹን ገልጬ፣ እዚያው ጥግ ተቀመጥኩ። አሥራ አራት ሴቶችና ሁለት ወንዶች መጡ። ጋሽ መቀስ ለአሥር ዓመት ልጅ በተሠራ ዴስክ ውስጥ ተጣጥፎ ገባ፤ ጉልበቱ ከአገጩ ሊገናኝ ትንሽ ነው የቀረው። አሠልጣኟ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ነበረች። የጎማ ቦት ጫማ፣ በትከሻዋ የምታንጠለጥለው ቦርሳ፣ ሰው ሲያወራ ዓይን ዓይኑን የምታይበት ዓመል። ተራ በተራ ጠየቀች።

«እርስዎስ ጋሼ፣ ስንት ፍየል አለዎት?»

«አሥር… አሥራ አንድ። እሱን እንኳ ባለቤቴ ናት የምታውቀው።»

«ስንቶቹ እርጉዝ ናቸው?»

ጋሽ መቀስ ትንሽ አሰበና «ሆዳቸው ሁሉም ትልቅ ነው» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አንዷ ሴትዮ ሳቁ አላስቀምጥ ብሏት ወጥታ ተመለሰች። ሐኪሟ አልሳቀችም። «እንግዲህ ቢያንስ አንድ ሰው ምንም ሳያስመስል እውነቱን ነገረኝ» ብላ አለፈች። እሱ ግን ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ ቀኑን ሙሉ የዴስኩን እንጨት ሲቆጥር ዋለ።

ቤት ሲደርስ እትዬ ጥድፊያ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ በር በሩን ስታይ አገኛት።

«እሺ፣ ምን ተማራችሁ?»

«ስለ ፍየል።»

«ስለ ፍየል መሆኑንማ አውቃለሁ! ስለ አውቶቡስ ትማራለህ ብዬ ላኩህ እንዴ? ምን አሉ?»

«ብዙ ነገር አሉ።»

«ከብዙው አንዱን ንገረኛ!»

አንዱም ትዝ አላለውም። እሷም ምሽቱን በሙሉ አኮረፈችው። በማግስቱ ፀጉር ቤት ስሄድ ምላጩን እየሳለ ምሬቱን ነገረኝ። «ቲቸር፣ ጭንቅላቴ ደብተር አይሆንም። ባለቤቴ ደግሞ ፈተና ነው የምታወጣው።»

«ጠዋት እዚህ የገባውን ሰው ሁሉ ታስታውሳለህ?» አልኩት።

«ጠዋት? የሃያ ዓመቱን አስታውሳለሁ እንጂ! ማን መቼ እንዳገባ፣ ማን በየት በኩል ኪንታሮት እንዳለው…»

«እንግዲያው ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ አንድ ደንበኛ ስጠው።»

እንደ ቀልድ ነበር የተናገርኩት፤ እሱ ግን የምሩን ያዘው። ሐሙስ ዕለት ቤት ገብቶ ባለቤቱ ፊት ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። ፍየል ጤዛ ሳይረግፍ እርጥብ ሣር ላይ አትሰማራም፤ የሆድ ትሉ በጤዛው ሣሩ ላይ ወጥቶ ይጠብቃታል። ይህንን ለጡረተኛው ፖስተኛ ሰጥቶታል፤ ፖስተኛው ፀሐይ ሳይወጣ ከቤት ከወጣ ሳምንት ሙሉ ሳል ነውና። ግልገል እንደተወለደ እትብቱ አዮዲን ውስጥ ይነከራል፤ ይህ የጎማ ጠጋኙ ነው፣ አንድ ጊዜ አገጩን በምላጭ ነክቶት አዮዲን ሲያደርግለት የጮኸው ጩኸት እስከ አደባባዩ ተሰምቷል። ግልገሉ ከተወለደ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው የእናቱን እንገር፣ ያንን ወፍራም የመጀመሪያ ወተት፣ መጥባት አለበት፤ ይህ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ነው፣ ጠዋት አፉ ላይ የሆነ ነገር ካላደረገ ቀኑን ሙሉ ሰው አይሆንም።

«ፍየሎቼን በመላጣ ሽማግሌዎች ነው እንዴ የምታስተምረኝ?» አለች እትዬ ጥድፊያ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፖስተኛው ባለፈ ቁጥር ጤዛው ረግፎ እንደሆነ ትጠይቀው ጀመር፤ ሰውዬው እስከ ዛሬ ምክንያቱ አልገባውም።

በሁለተኛው ሳምንት ሐኪሟ ስድስት ፍየሎች አስመጥታ ግቢው ውስጥ የሰኮና አቆራረጥ አሳየች። ሰኮናው ሳይቆረጥ ሲቀር ይጠቀለላል፣ ጭቃ ይይዛል፣ ይበሰብሳል፤ ፍየሏም እያነከሰች ከመንጋው ወደ ኋላ ትቀራለች፣ ትከሳለች። መቁረጫው ትልቅ መቀስ ይመስላል። ሴቶቹ አንድ በአንድ ሞከሩ። አንዷ ፈርታ ጫፉን ብቻ ነካችው፤ ሌላዋ አብዝታ ቆርጣ ደም አየችና መቁረጫውን ጥላ ሸሸች። ተራው ጋሽ መቀስ ጋ ደረሰ። እጅጌውን ጠቀለለ፤ የፍየሏን እግር ወደ ኋላ አጥፎ ጉልበቱ መሀል ያዘ፤ ከዚያም፣ ለሃያ ሁለት ዓመት እንደማየው፣ ከንፈሩን በትንሹ አሹሎ ያለ ድምፅ ማፏጨት ጀመረ። ሥራው እጁ ውስጥ ሲገባለት ነው እንዲህ የሚሆነው።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ጭቃውን በጫፉ ጠረገ፣ የተጠቀለለውን ዙሪያውን ቀነሰ፣ ሥሩ ሮዝ መሆን ሲጀምር ቆመ። እግሯን መሬት ላይ ሲያስቀምጠው ሰኮናዋ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። ፍየሏ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመችና እግሯን ታየው ጀመር።

«መስታወት ስጧት!» አለች አንዷ ሴትዮ።

ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ሰኮናውን አየች። «ጋሼ፣ እኔ ይህንን ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። እጅዎ የት ነው የተማረው?»

«ሰው ላይ» አለ ጋሽ መቀስ። የቀሩትን አምስቱንም እሱ ቆረጠ። ሲጨርስ ሦስት ሴቶች እቤታችን ና እያሉ ከበቡት። ወደ ቤቱ ሲመለስ አረማመዱ ራሱ ተለውጦ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰው አዲስ ነገር ሲያውቅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በቀጣዩ ትምህርት ሐኪሟ የፍየልን ዓይን ገልጦ ደም ማነሷን ማወቅ እንደሚቻል አስተምራ ነበርና፣ እቤት እንደገባ ቀጥ ብሎ ጉረኖ ገባና የታችኛውን የዓይን ቆብ እየገለጠ አንድ በአንድ ያይ ጀመር። እትዬ ጥድፊያ በዱላ እየተደገፈች ደረሰች።

«ምን እያደረግህ ነው ፍየሎቼን?»

«እመቤት ደም አንሷታል። ዓይኗ ነጭ ነው።»

እመቤት ከሁሉም የምትወዳት ፍየል ናት፤ ወተቷ የማይነጥፍ፣ ጠባይዋ እንደ ስሟ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሃያ ዓመት ፍየል ያረባሁት እኔ ነኝ። በአራት ቀን ተምረህ ልታስተምረኝ ነው? ከስታለች፣ የከሳችው ስለታለበች ነው። ውጣልኝ!»

ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ግን የእመቤት አገጭ ሥር ውኃ የቋጠረ ከረጢት መስሎ አበጠ። ጋሽ መቀስ ይህም የደም ማነስ ምልክት መሆኑን ከሐኪሟ ሰምቶ ነበር፤ ነገር ግን እንደ ትናንቱ ሊያስተምራት አልሞከረም። አንዲት ጤነኛ ፍየል ይዞ እመቤት አጠገብ አቆማትና ባለቤቱን ጠራት።

«እኔን አትስሚኝ። ራስሽ እይ። መጀመሪያ የዚችን።»

ገለጠች። ቆቧ በውስጥ በኩል እንደ ከንፈር ቀይ ነው።

«አሁን የእመቤትን።»

ገለጠች። ወረቀት።

እትዬ ጥድፊያ የእመቤትን ቆብ ደግማ ገለጠች። ከዚያ በቀስታ «ባለፈው ዝናብ የሞቱብኝ ሦስቱ ግልገሎች… ዓይናቸው እንዲህ ነበር» አለች። «እኔ እንዲያውም እንዴት ንጹሕ ነው እል ነበር። ንጹሕ መስሎኝ።»

ጋሽ መቀስ ይህንን ሲነግረኝ ምላጩን ከጉሮሮዬ አንሥቶ ነው የነገረኝ። ከሞቱ ወዲህ ስለ እነዚያ ግልገሎች ስታነሣ የሰማው ያኔ ብቻ ነበር። ለሐኪሟ ደወለ። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ሁለቱም የእመቤትን ጀርባ እያሻሹ ሐኪሟ እስክትመጣ ጠበቁ።

ሐኪሟ መጥታ መድኃኒት አጠጣቻት፣ ለሌሎቹም እንደየክብደታቸው ሰጠች። ከዚያ ጉረኖውን ዞር ዞር ብላ አየችና ወለሉን በቦት ጫማዋ ጫን አደረገችው፤ ጭቃው ቿ አለ። «መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም። ከእርጥቡ ማንሣት አለባችሁ። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ሥሩላቸው፤ በእንጨቶቹ መሀል ጠባብ ክፍተት ያለው፣ ፍጉ ወደ ታች እንዲወርድ። መኖውንም መሬት ላይ አትበትኑት፣ አንጠልጥሉት።»

እንጨት ለቃቀሙ፤ አሮጌ በር፣ የአጥር ቋሚ፣ ከጎረቤት የተረፈ ጣውላ። ለጥቂት ሳይበቃ ቀረ። ያን ሳምንት ፀጉር ቤት ስሄድ አግዳሚው ወንበር የለም።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«ፍየሎቹ ተኝተውበታል» አለ ያለ ምንም ሐፍረት። ራሱ ተሸክሞት በአደባባዩ መሀል አሳልፎ እንደወሰደው ጎማ ጠጋኙ ነገረኝ። ለአራት ወር ተራችንን የጠበቅነው ጄሪካን ላይ ተቀምጠን ነው። ፖስተኛው ቅሬታ ሲያቀርብ «አንተ እኮ ሁለት ሰዓት ነው የምትቀመጥበት፣ እነሱ ቀኑን ሌሊቱን ናቸው» ተብሎ ኩም አለ።

እመቤት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አገጯ ጎደለ፣ ዓይኗ መቅላት ጀመረ። እትዬ ጥድፊያም እግሯ ዳነላትና ሥልጠናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ራሷ ብቅ አለች። ጋሽ መቀስ ግን አልቀርም አለ። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ነው ሲባል ሁለቱ አንዲቷ የልጅ ዴስክ ላይ ተጣብቀው ተቀመጡ፤ ሐኪሟም እንዳላየች አለፈቻቸው።

የዚያን ቀን ትምህርቱ ስለ አንድ የመኖ ዛፍ ነበር። ሐኪሟ ቅጠሉ ገንቢ ነው፣ ቆርጣችሁ ወዲያው ስጧቸው አለች። እትዬ ጥድፊያ እጇን እንኳ ሳታወጣ ተነሣች።

«አይበሉትም።»

«ይበሉታል፣ እናቴ። በጣም ጥሩ መኖ ነው።»

«ጥሩነቱን መቼ ካድኩ። ትኩሱ ይሸታቸዋል፣ አፍንጫቸውን ነው የሚያዞሩት። ቆርጠሽ ጥላ ላይ አንድ ቀን ካሳደርሽው፣ ጠውለግ ሲል ያኔ እንጨቱ ሳይቀር ይቆረጥሙልሻል። እኔ ሦስት ዓመት እንዲህ ነው የማደርገው።»

ሐኪሟ አልተከራከረችም። ከጓሮው ቅርንጫፍ አስቆርጣ ጥላ ላይ አሳደረች። በማግስቱ ትምህርት ባይኖርም ክፍሉ ሁሉ መጥቶ ቆመ። ያኔ የተቆረጠ ትኩስ ቅጠል ለፍየሎቹ ቢያቀርቡላቸው አሽትተው ዞር አሉ፤ የጠወለገውን ግን ተሻምተው ጨረሱት። ሐኪሟ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችና «ከእንግዲህ በሄድኩበት ሁሉ እንደዚህ ነው የማስተምረው» አለች። ጋሽ መቀስ ወደ እኔ ዞሮ፣ ራሱ ያሸነፈ ይመስል፣ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

አሁን ወደ ቦቃ ልምጣ። ቦቃ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ ገና የመጀመሪያዋን የምትወልድ ፍየል ናት። ሥልጠናው ካለቀ ከሁለት ወር በኋላ፣ በገበያ ቀን ረፋድ ላይ፣ እኔ ያ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። የቀኝ ጉንጬ ተላጭቷል፣ የግራው ነጭ አረፋ እንደለበሰ ነው። ጎረቤታቸው የሆነችው ልብስ ሰፊ ሴት ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩጫ ገባች።

«ጋሽ መቀስ! ቦቃ ልትወልድ ነው፤ ግን አልሆነላትም! ከጀመራት ቆየች፣ እየጮኸች ነው። እትዬ ደግሞ ገበያ ናት!»

ለሐኪሟ ደወለ። አይነሣም። እንደገና ደወለ። አይነሣም። ምላጩን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ፣ ሳሙናውንና ንጹሕ ፎጣዎቹን ጠቅልሎ አቀፈ፣ አዮዲኑን ከመደርደሪያው አነሣና እግሬ አውጪኝ አለ። እኔስ ምን ላድርግ? አረፋዬን እንደለበስኩ፣ ጨርቁ አንገቴ ላይ እንደታሰረ ተከተልኩት። ያን ቀን በአደባባዩ የነበረ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ይህንን ሩጫ እያነሣ ይስቅብኛል።

ቦቃ ከርብራቡ ወርዳ፣ ግቢው ውስጥ ጎኗን መሬት ላይ ጥላ ታምጣለች። ከኋላዋ አንዲት ትንሽ ሰኮናና የአፍንጫ ጫፍ ይታያሉ። ጋሽ መቀስ ተንበረከከ፤ ላብ ፊቱ ላይ ይወርዳል፣ ድምፁ ግን የተረጋጋ ነበር።

«ሁለት እግርና አንድ አፍንጫ ነው መምጣት ያለበት» አለ ከሐኪሟ የሰማውን እያስታወሰ። «እዚህ አንድ እግር ብቻ ነው። አንደኛው ወደ ኋላ ታጥፏል። ቲቸር፣ ጭንቅላቷን ያዝልኝ።»

እኔ በሕይወቴ የያዝኩት የእንስሳ ጭንቅላት አልነበረም። ያዝኩ። ልብስ ሰፊዋ የፈላ ውኃ አቀዝቅዛ አመጣች፤ እስከ ክርኑ በሳሙና ታጠበ። ጥፍሩ እንደሁልጊዜው ከሥሩ የተቆረጠ ነው። ቦቃ ማማጧን ቆም እስክታደርግ ጠብቆ እጁን አስገባ፣ ግልገሉን በቀስታ ወደ ውስጥ ገፋ፣ የታጠፈችውን እግር ፈለገ። ከንፈሩ ሾለ። ማፏጨት ጀመረ።

«አገኘሁት… ጉልበቱ ይኸው… ሰኮናውን በመዳፌ መሸፈን አለብኝ፣ እንዳይቧጭራት… ና እንግዲህ፣ ና የኔ ጌታ…»

እግሩ ተቃና። ቦቃ እንደገና ስታምጥ አብሮ በቀስታ ሳበ፤ ግልገሉ ሹልክ ብሎ ፎጣው ላይ ወደቀ። አይንቀሳቀስም። አይተነፍስም።

እኔ ቀልቤ ተገፈፈ። እሱ ግን አፍንጫውንና አፉን ጠረገ፣ ጀርባውን በፎጣ እያሻሸ አንዲት የሣር ዘንግ አነሣና የአፍንጫውን ቀዳዳ ኮርኮር አደረገው። ምንም። እንደገና። ምንም። ሦስተኛ ጊዜ ሲኮረኩረው ግልገሉ አነጠሰ! ያን የመሰለ ማስነጠስ ሰምቼ አላውቅም። ራሱን አራገፈ፣ ቀጭን ድምፅ አወጣ፤ ልብስ ሰፊዋ እልል አለች። እኛ በእሱ ስንደሰት ሁለተኛዋ ግልገል ማንንም ሳታስቸግር ብቻዋን መጣች።

እትብታቸውን አዮዲን ውስጥ ነከረ፣ እናታቸው አፍንጫ ሥር አስተኛቸው፣ እንገሩን ሲጠቡ አየ። ከዚያ ጭቃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

እትዬ ጥድፊያ ዘንቢሏን እንደያዘች ደረሰች። ባሏ እስከ ክርኑ ደም በደም ሆኖ ጭቃ ላይ፣ የቀድሞ አስተማሪ ግማሽ ጺሙ የደረቀ አረፋ ለብሶ ጭቃ ላይ፣ ሁለት ግልገሎች ጡት ላይ። ያየችውን አየች። ታለቅሳለች ወይ ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እንግዴ ልጁ ወጣ?» ብላ ጠየቀች፤ ልክ ሐኪሟ እንደምትጠይቅ።

«ገና ነው። ጊዜ አላት» አለ እሱ፤ ልክ ሐኪሟ እንደምትመልስ።

ራሷን ነቀነቀች፣ ዘንቢሉን አስቀመጠች፣ ፎጣ አርጥባ መጣችና የባሏን ፊት በቀስታ ትጠርግለት ጀመር። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ተጠረገላት። እኔና ልብስ ሰፊዋ እዚያ መሆናችን ለደቂቃ የተረሳ መሰለኝ፤ ስለዚህ አጥሩን ማየት ጀመርን። የግራ ጉንጬን የተላጨሁት ከሰዓት በኋላ ነው።

በዚያ ዓመት የተወለዱት ግልገሎች ሰባት ነበሩ፤ ሰባቱም አደጉ። ወተቱ ከቤት ተርፎ ለመድኃኒት ቤቱ ሰውዬና ለልብስ ሰፊዋ መድረስ ጀመረ። ወጠጤዎቹን እንደ ድሮው ገና ሳይደርሱ ለመጣው ነጋዴ ሁሉ አልሰጧቸውም፤ ጥርሳቸውን አይተው፣ አድልበው፣ ሲደርሱ ሸጡ። ያፈስ የነበረው ጣሪያ ተቀየረ፤ ፀጉር ቤቱም አዲስ አግዳሚ፣ ያውም ጀርባ መደገፊያ ያለው፣ ገባለት። ጋሽ መቀስ አሁን ሳምንቱን ለሁለት ከፍሎታል። ግማሹን ሰው ይላጫል፤ ግማሹን መቁረጫውን በቦርሳ አንጠልጥሎ ከመንደር መንደር የፍየል ሰኮና ይቆርጣል። «የትኛው ይሻላል?» ብዬ ጠይቄው «ፍየል» አለኝ። «ፍየል ቆርጬ ስጨርስ አላማረብኝም ብላ አታውቅም።»

ሐኪሟ ወደ ሌላ ወረዳ ስትዛወር ለአዲስ ተመዝጋቢዎች ትምህርቱን ማን ይሰጣል ተባለ። እሷ ሳታመነታ ባልና ሚስቱን ጠቆመች። እንቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ ግን ቁልፉን ከእኔ ወስደው ክፍሉን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ጋሽ መቀስ ስለ ሰኮናና ስለ አወላለድ ያስተምራል፣ እትዬ ጥድፊያ ስለ መኖና ስለ ሌላው ሁሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ያርማል፤ ሰልጣኞቹ ለትምህርቱ ይምጡ ለክርክሩ ይምጡ መለየት ያስቸግራል። ብቻ ክፍሉ ሞልቶ መስኮት ላይም ሰው ይቆማል።

ባለፈው ሳምንት ተማሪ መስዬ ኋላ ተቀምጬ ነበር። አንዲት አሮጊት እጃቸውን አውጥተው፣ አንዷ ፍየላቸው ለምን ሁልጊዜ በግራ ጎኗ ብቻ እንደምትተኛ፣ በቀኝ ሊያስተኟት ቢሞክሩ ለምን ተነሥታ እንደምትሄድ ጠየቁ። ጋሽ መቀስ አሰበ፣ አሰበና ወደ ባለቤቱ ዞረ።

«እኛም አናውቅም፣ እማማ» አለቻቸው እትዬ ጥድፊያ። «ነገ ጤዛው ሲረግፍ መጥተን እናያታለን። ቤትዎ በየት በኩል ነው?»

አሮጊቷ ተነሥተው በመስኮቱ በኩል በእጃቸው ያመለክቱ ጀመር፤ ጋሽ መቀስም ጠመኔ አንሥቶ መንገዱን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሣለው።